የፍሊንት ውሃና የነዋሪዎቿ ምስክርነት

መንግሥት ለተራው ሰው የሚገለጥለት በዋናው ከተማ በሚደረግ ታላቅ ጉባኤ ወይም በአደባባይ በሚነበብ አዋጅ ሳይሆን፥ በየዕለቱ በሚመላለስበት መንገድ፥ ልጆቹን በሚልክበት ትምህርት ቤትና ከቧንቧው በሚቀዳው ውሃ በመሆኑ፥ የአንድ አስተዳደር ደግነትም ሆነ ክፋት ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወቀው በሰፈር ነው። ሊቃውንት ከመመርመራቸው፥ ዳኞች ከመፍረዳቸው፥ የታሪክ ጸሐፊዎችም ብዕራቸውን ከማንሣታቸው በፊት፥ ነገሩ የደረሰበት ሰው በደጁ ቆሞ ለጎረቤቱ ይናገረዋል። ይህ ቃል አንዳንድ ጊዜ የተጋነነ፥ አንዳንድ ጊዜም ቁጣ የተመላበት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ባየና በቀመሰ ሰው አፍ የተነገረ ስለሆነ፥ ከምስክርነት ወገን እንጂ ከሐሜት ወገን ሊቈጠር አይገባውም።

አባቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ስለ ነበር፥ ገዥው የሕዝቡን ልብ ለማወቅ በፈለገ ጊዜ «እረኛ ምን አለ?» ብሎ ያስጠይቅ ነበር ይባላል። በዙፋኑ ዙሪያ የሚቆሙት ሰዎች ጌታቸውን ደስ የሚያሰኘውን መርጠው ሲናገሩ፥ በመስክ የሚውለው እረኛ ግን የሚቀርበት ሹመት፥ የሚወሰድበትም ርስት ስለሌለው፥ በልቡ ያለውን በዜማ ይለቀው ነበር። የእረኛውን ቃል መጠየቅ እንግዲህ የትሕትና ምልክት ብቻ ሳይሆን የአስተዳደር ጥበብ ነበረ። ይህ ጥበብ በተዘነጋበት ስፍራ ምን ያህል ጥፋት እንደሚከተል የሚያስረዳ፥ በዘመናችን የተፈጸመ አንድ ታላቅ ምሳሌ አለ፤ እርሱም በሰሜን አሜሪካ በሚሺጋን ግዛት፥ ፍሊንት በምትባለው ከተማ የደረሰው የውሃ መመረዝ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

ከተማይቱና ግዛቲቱ

ፍሊንት ከዲትሮይት በስተሰሜን ምዕራብ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ ጄኔራል ሞተርስ የተባለው ታላቁ የአውቶሞቢል ኩባንያ በ1908 የተመሠረተባት ከተማ ናት። በ1936 መጨረሻ ሠራተኞቿ ከፋብሪካው አንወጣም ብለው በየማሽናቸው አጠገብ ተቀምጠው 44 ቀን ሥራ በማቆማቸውና በመጨረሻም ማኅበራቸውን ለማስታወቅ በመብቃታቸው፥ ስሟ በአሜሪካ የሠራተኞች ታሪክ በከፍተኛ ስፍራ ተጽፏል። በ1960 የሕዝቧ ቍጥር 200,000 ሊሞላ ጥቂት ብቻ ቀርቶት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ እየተዘጉ፥ ጉልበትና ገንዘብ ያለው ሰው እየለቀቀ ሄዶ፥ በ2014 የቀሩት 100,000 ያህል ነዋሪዎች ነበሩ። ከእነዚህም የሚበዙት ጥቁር አሜሪካውያን ሲሆኑ፥ ከመቶው አርባ ያህሉ በድኅነት የሚኖሩ ነበሩ። ግብር ከፋዩ ሲያንስ የማዘጋጃ ቤቱ ካዝና ተራቈተ፤ ለእጥፍ ሕዝብ የተዘረጋው ያረጀ የቧንቧ መሥመር ግን ሰዎቹ ስለ ሄዱ አብሮ የሚሄድ ስላልሆነ፥ ጠጋኝ አጥቶ በምድር ውስጥ ቀረ።

የሚከተለውን ታሪክ ለመረዳት የአሜሪካን ሥርዓተ መንግሥት ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። በሩቅ ያለን ሰዎች አዘውትረን የምንሰማው የፕሬዚዳንቱንና የዋሽንግተንን ወሬ ቢሆንም፥ 50ዎቹ ግዛቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሕገ መንግሥት፥ አገረ ገዥ፥ ፍርድ ቤትና ሕግ አውጪ አላቸው፤ ከነብራስካ በቀርም የሁሉም ሕግ አውጪ በሁለት ምክር ቤት የተከፈለ ነው። በሚሺጋን ዋና ከተማ በላንሲንግ 38 አባላት ያሉት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤትና 110 አባላት ያሉት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ይሰበሰባሉ። ትምህርት ቤትን፥ መንገድን፥ ፖሊስን፥ ውሃን የሚመለከተው ሕግ የሚበዛው የሚወጣው ከእነዚህ ዘንድ ነው። ከተሞችም ሥልጣናቸውን የሚያገኙት ከግዛቱ ሕግ ስለሆነ፥ ላንሲንግ የሰጠውን ላንሲንግ ሊነሣ ይችላል። የፍሊንት መከራም የተጀመረው ከወንዙ ሳይሆን ከዚሁ ነው።

በማርች 2011 አገረ ገዥው ሪክ ስናይደር የፈረሙት ሕግ፥ ዕዳ ለበዛበት ከተማ ከግዛቱ የአስቸኳይ ጊዜ ሥራ አስኪያጅ እንዲሾምለት የሚያደርግና ሕዝብ የመረጣቸውን የከንቲባውንና የከተማውን ምክር ቤት ሥልጣን ጠቅልሎ ለዚሁ ሹም የሚሰጥ ነበር። የሚሺጋን ሕዝብ ፊርማ አሰባስቦ ሕጉን ለሕዝበ ውሳኔ አቀረበና በኖቬምበር 2012 በድምፁ ሻረው። የሕዝቡ ፈቃድ በዚህ መንገድ በግልጥ ከተነገረ በኋላ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፥ በዲሴምበር 2012፥ ሕግ አውጪው በብዙ ነገር የቀድሞውን የሚመስል ሌላ ሕግ አወጣ፤ በውስጡም የገንዘብ ድልድል አገባበት። የሚሺጋን ሕገ መንግሥት ለመንግሥት ሥራ ገንዘብ የሚመድብ ሕግ በሕዝበ ውሳኔ እንዲሻር ስለማይፈቅድ፥ በዚህ ብልኀት ሕዝቡ ሁለተኛ ቃል እንዳይኖረው ሆነ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ የድምፅ መስጫው ካርድ የሕዝቡ አጥር ነውና፥ በዚያ ቀን አጥሩ ተነቀነቀ።

ፍሊንት ከ2011 መጨረሻ እስከ ኤፕሪል 2015 ድረስ በተከታታይ በተሾሙ አራት ሥራ አስኪያጆች እጅ ቈየች። ከንቲባውና የምክር ቤቱ አባላት በወንበራቸው ቢቀመጡም፥ የመጨረሻው ቃል የእነርሱ አልነበረም። ነዋሪው ሊመርጠው የማይችለውን፥ በሚቀጥለው ምርጫም ሊያሰናብተው የማይችለውን ሹም በምን ሊያስፈራው፥ በምንስ ሊያስደስተው ይችላል? ይህ ጥያቄ ለጊዜው የሕግ ሊቃውንት ክርክር ይመስል ነበር፤ በኋላ ግን የሕፃናት ደም የተመረመረበት ጥያቄ ሆነ።

በጠርሙስ የቀረበ አቤቱታ

ከተማይቱ ከ1967 ጀምሮ የምትጠጣው የዲትሮይት የውሃ ድርጅት ከሂዩረን ሐይቅ ቀድቶና አጣርቶ የሚልክላትን ውሃ ነበር። ከዚያው ሐይቅ ውሃ የሚያመጣ ሌላ አዲስ መሥመር ይሠራ ስለ ነበር፥ መሥመሩ እስኪያልቅ 5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይተርፋል ተብሎ፥ በከተማይቱ መካከል ከሚያልፈው ከፍሊንት ወንዝ እንዲቀዳ ተወሰነ። ኤፕሪል 25 ቀን 2014 ሹማምንቱ በውሃ ማጣሪያው ተሰብስበው፥ ከንቲባው የዲትሮይትን ውሃ የሚያቋርጠውን ቍልፍ ከተጫኑ በኋላ፥ የወንዙን ውሃ በየብርጭቋቸው አንሥተው በደስታ ጠጡ።

ብዙ ሳይቈይ የነዋሪዎቹ ድምፅ መሰማት ጀመረ። አንዱ ውሃው ይሸታል አለ፤ ሌላው ቀለሙ ደፈረሰ አለ፤ እናቶች ልጆቻቸውን ካጠቡ በኋላ ቆዳቸው እንደሚቀላና እንደሚያሳክካቸው፥ ጠጕርም እንደሚረግፍ ተናገሩ። ለጋዜጣ ጻፉ፤ ማዘጋጃ ቤት ሄዱ፤ ሰልፍ ወጡ። በኦገስትና በሴፕቴምበር 2014 በውሃው ውስጥ የብክለት ምልክት የሆኑ ባክቴሪያዎች ስለ ተገኙ፥ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ። ባክቴሪያውን ለመግደል ክሎሪን ሲበዛበት ደግሞ፥ ክሎሪኑ በወንዙ ውሃ ካለው ብስባሽ ጋር ተዋሕዶ ሌላ ጎጂ ነገር ስለ ፈጠረ፥ በጃንዋሪ 2015 ከተማው የውሃ ጥራት ሕግ መጣሱን የሚገልጥ ማስታወቂያ ለነዋሪው ደረሰ። በዚህ መካከል፥ በኦክቶበር 2014፥ ጄኔራል ሞተርስ ውሃው የሞተር ዕቃዎቹን ስለሚያዝግበት ፋብሪካውን ከወንዙ ውሃ ለይቶ በሌላ መሥመር አስገባ። ለብረት ያልተስማማው ውሃ ለሰው እንዴት ይስማማል ብሎ ለመጠየቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም ነበር፤ ይሁን እንጂ ኩባንያው ውሃውን ሲለውጥ ነዋሪው በዚያው ውሃ ቀረ።

በጃንዋሪ 2015 የከተማውና የግዛቱ ሹማምንት ለነዋሪው መግለጫ ሊሰጡ በተገኙበት ስብሰባ፥ ሊአን ዎልተርስ የሚባሉ የልጆች እናት ከቤታቸው ቧንቧ የቀዱትን ውሃ በጠርሙስ ይዘው ቀረቡ። አንዱ ጠርሙስ በጃንዋሪ 15፥ ሌላው በጃንዋሪ 21 የተቀዳ ነበር፤ ወይዘሮዋ ቡናማውን ውሃ ለሥራ አስኪያጁ ከፍ አድርገው ሲያሳዩ በጋዜጠኛ የተነሣው ፎቶግራፍ በኋላ በዓለም ሁሉ ታይቷል። በዚህ ሥራቸው ውስጥ ልናስተውለው የሚገባ ታላቅ ነገር አለ። ውሃችን ተበላሸ ብለው መጮኽ ይችሉ ነበር፤ ጮኸውም ያውቃሉ፤ ነገር ግን ጩኸታቸውን በጠርሙስ አድርገው፥ የተቀዳበትን ቀን ለይተው በሹሙ ፊት ባቀረቡ ጊዜ፥ ቃላቸው ከእሮሮ ወደ ምስክርነት ተሻገረ።

ለዚህ ሁሉ የተሰጠው መልስ ግን ውሃው ደኅና ነው የሚል ነበር። በየቀኑ የሚጠጣውን ሰው፥ የምትጠጣው ደኅና ነው ብሎ ማስረዳት በእውነት ለቀባሪው ማርዳት ነው። በዚያው በጃንዋሪ 2015 በከተማው ባለው የመንግሥት ሕንፃ ለሚሠሩት የግዛቱ ሠራተኞች የታሸገ የመጠጥ ውሃ ይቀርብላቸው እንደ ነበር በኋላ ተገለጠ። ዲትሮይትም ወደ ቀድሞው ውሃ ለመመለስ ለሚፈልጉት የፍሊንት ሰዎች በሩን ከፍቶ ነበር። በማርች 2015 የከተማው ምክር ቤት ሰባት ለአንድ በሆነ ድምፅ ከወንዙ ውሃ እንዲወጣ ወሰነ፤ ሥልጣኑ የእርሱ ስላልነበረ ግን ሥራ አስኪያጁ ወጪውን ምክንያት አድርገው ውሳኔውን ሳይቀበሉት ቀሩ። ነዋሪው ለመረጠው እንደራሴ ተናገረ፤ እንደራሴውም ሰማ፤ የሰማው ግን መፈጸም አልቻለም። በፍሊንት የተሰበረው ማሠሪያ ይህ ነበር።

በዓይን የማይታየው መርዝ

እርሳስ በቀላሉ የሚታጠፍ ብረት ስለሆነ፥ በቀድሞ ዘመን ከዋናው መሥመር ወደየቤቱ የሚገባው ቧንቧ በብዙ ስፍራ ከእርሱ ይሠራ ነበር። እንዲህ ያለ ቧንቧ ያለባቸው ከተሞች በውሃው ላይ ኦርቶፎስፌት የሚባል ቅመም በጥቂቱ ይጨምራሉ፤ ይህም በቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ስስ ልባስ ሠርቶ ውሃውን ከእርሳሱ ይለየዋል። የዲትሮይት ውሃ ይህ ቅመም ነበረው። የፍሊንት ወንዝ ውሃ ክሎራይድ የበዛበት፥ ብረት የመብላት ኃይሉም የጠነከረ ሆኖ ሳለ፥ የግዛቱ የአካባቢ ጥራት መሥሪያ ቤት ሹማምንት የፌዴራሉን ደንብ በተሳሳተ መንገድ ተርጕመው፥ ቅመሙ አሁን አያስፈልግም፤ አስቀድሞ ለሁለት የስድስት ወር ዘመን ውሃው ይመርመር አሉ። በብዙ ዓመት የተሠራው ልባስ እየተፋቀ ወረደ፤ ከብረቱ ቧንቧ ዝገት፥ ከእርሳሱም ቧንቧ እርሳስ ወደ ውሃው ገባ።

እርሳስ ቀለም፥ ሽታና ጣዕም ሳይኖረው በውሃ ውስጥ ሊኖር ይችላል። በተለይም የሕፃናትን አንጐል የሚጎዳ፥ የመማርና ራስን የመግዛት ችሎታን የሚቀንስ መርዝ ሲሆን፥ ለሕፃን ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታመንበት መጠን የለም። የፍሊንት ነዋሪዎች ያዩት ቡናማ ቀለም የሚበዛው የብረት ዝገት እንጂ እርሳሱ ራሱ አልነበረም፤ ጢስ ያየ ሰው እሳቱ ከየት እንደ ተነሣ ባያውቅም በቤቱ እሳት መኖሩን እንደማይስት፥ እነርሱም የመርዙን ስም ሳያውቁ መርዝ መኖሩን አልሳቱም። የነዋሪ ቃል ብዙ ጊዜ የሚናቀው ምክንያቱን በትክክል መግለጥ ስለማይችል ነው፤ ምክንያቱን መፈለግ ግን የተናጋሪው ሳይሆን ደመወዝ የሚከፈለው የመሥሪያ ቤቱ ግዴታ ነበር።

በፌብሩዋሪ 2015 የወይዘሮ ዎልተርስ ቤት ውሃ ሲመረመር በቢሊዮን 104 እጅ እርሳስ ተገኘበት፤ በዚያን ጊዜ ሕጉ እርምጃ እንዲወሰድ የሚያዘው በ15 ነበር። ሁለተኛ ሲመረመር 397 ሆነ። ከልጆቻቸው በአንዱ ደም ውስጥም እርሳስ ተገኘ። እኒህ እናት ከዚያ በኋላ ያደረጉት፥ የተማረ ነኝ የሚል ሁሉ ሊማርበት የሚገባ ነው፤ የከተማውን የውሃ ሥራ መዛግብት አስመጥተው ገጽ በገጽ በማንበብ፥ ቧንቧውን ከመበላት የሚጠብቀው ቅመም በየትም እንዳልተመዘገበ ደረሱበት። የግዛቱ ሹማምንት ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ቅመሙ አለ ብለው በጻፉበት ጊዜ፥ የለም የሚለውን እውነት ያገኘችው ጥያቄዋን ያልተወች አንዲት የቤት እመቤት ነበረች።

ሚጌል ዴል ቶራል የሚባሉ የፌዴራሉ ድርጅት ባለሙያ ነገሩን ተቀብለው መረመሩና በጁን 24 ቀን 2015 ለአለቆቻቸው የማስጠንቀቂያ ማስታወሻ ጻፉ። ጽሑፉን በጁላይ ለሕዝብ ያወጣው፥ የአስቸኳይ ጊዜ አስተዳደርን ጉዳይ እንዲመረምር በሚሺጋን የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ኅብረት የተቀጠረው ጋዜጠኛ ከርት ጋይት ነው። የግዛቱ መሥሪያ ቤት ቃል አቀባይ ግን ስለ እርሳስ የሚሠጋ ሁሉ ልቡን ያሳርፍ ሲሉ መለሱ። በዚያው ክረምት የከተማው የምርመራ ውጤት ሲደመር ከፍ ያለ እርሳስ የተገኘባቸው ሁለት ናሙናዎች፥ ከእነርሱም አንዱ የወይዘሮ ዎልተርስ፥ ከሒሳቡ እንዲወጡ ተደረገ፤ እነርሱ ሲወጡ የከተማይቱ ቍጥር ከሕጉ ወሰን በታች ሆነ። ምስክሩን ከችሎት አስወጥቶ መዝገቡ ንጹሕ ነው ማለት በማናቸውም የፍትሕ ሥርዓት የተወገዘ ነው፤ እዚህ ግን በቍጥር ስም ተፈጸመ።

ሐቁ ተሸፍኖ የማይቀረው ከብዙ አፍ በአንድ ጊዜ ሲነገር ነውና፥ በኦገስት 2015 በቨርጂንያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ማርክ ኤድዋርድስና ተማሪዎቻቸው 300 የናሙና መያዣ ሣጥን ወደ ፍሊንት ላኩ። ነዋሪዎቹ ሣጥኑን ከቤት ወደ ቤት አደሉ። እያንዳንዱ ቤት ሦስት ጠርሙስ ይሞላ ነበር፤ የመጀመሪያው ውሃው ቢያንስ ስድስት ሰዓት በቧንቧው ውስጥ ተኝቶ ካደረ በኋላ ልክ እንደ ተከፈተ፥ ሁለተኛው 45 ሴኮንድ ከፈሰሰ በኋላ፥ ሦስተኛው ሁለት ደቂቃ ከፈሰሰ በኋላ ይቀዳል። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ250 በላይ የሚሆኑት ሣጥኖች ሞልተው ተመለሱ። ከወይዘሮ ዎልተርስ ቤት አስቀድሞ ከተቀዱት ናሙናዎች አንዱ በቢሊዮን 13,200 እጅ እርሳስ ተገኝቶበት ነበር፤ በሕጉ ቈሻሻ ሁሉ መርዛም ተብሎ የሚመደበው 5,000 ሲደርስ ነው። ቀጥሎም በሴፕቴምበር 24 ቀን የሕፃናት ሐኪም ሞና ሐና አቲሻ፥ ከአምስት ዓመት በታች ባሉ የከተማይቱ ሕፃናት ደም የእርሳስ መጠን ከፍ ብሎ የተገኘባቸው ውሃው ከመለወጡ በፊት ከነበሩት በእጥፍ መጨመራቸውን ለሕዝብ ገለጡ፤ በኋላ በታተመው ጥናታቸውም ቍጥሩ ከመቶ 2.4 ወደ 4.9 ማደጉ ተጽፏል። የግዛቱ ሹማምንት በመጀመሪያው ቀን ሐኪሟን ነቀፉ፤ በሳምንቱ ግን የራሳቸው መዝገብ ያንኑ ስለ መሰከረባቸው እውነት ነው አሉ።

ከታመነ በኋላ

ኦክቶበር 16 ቀን 2015 ፍሊንት ወደ ዲትሮይት ውሃ ተመለሰች፤ የተበላው ቧንቧ ግን ከእርሳሱ ጋር በምድር ውስጥ ስለ ነበር፥ ነዋሪው ገና ብዙ ዘመን በማጣሪያና በታሸገ ውሃ ሊኖር ግድ ሆነ። በኖቬምበር ሕዝቡ በምርጫ ከንቲባውን ለወጠ። በጃንዋሪ 2016 አገረ ገዥው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጥተው በምክር ቤቱ ፊት የከተማይቱን ሕዝብ ይቅርታ ለመኑ፤ ፕሬዚዳንት ኦባማም የፌዴራሉን መንግሥት እርዳታ ፈቀዱ። በ2014 እና በ2015 ሌጂዮኔርስ የሚባል የሳምባ በሽታ በከተማይቱና በዙሪያዋ ዘጠና ያህል ሰዎችን እንደ ያዘ፥ 12 ሰዎችም እንደ ሞቱበት የታወቀው በዚህ ጊዜ ነው።

አገረ ገዥው ራሳቸው ያቋቋሙት አምስት አባላት ያሉት መርማሪ ኮሚሲዮን በማርች 2016 ባቀረበው ሪፖርት፥ ዋናውን ጥፋት በግዛቱ መንግሥት ላይ አኖረ፤ ውሳኔዎቹ የሥራ አስኪያጆቹ እንደ ነበሩና የፍሊንት ሰዎች ለሌላው የሚሰጠው ጥበቃ እንደ ተነፈጋቸው መሰከረ፤ እውነቱ እንዲወጣ ያደረጉትም ያልታከቱት ነዋሪዎች፥ ለመጠየቅ የደፈሩት ባለሙያዎችና ነጻው ጋዜጣ እንደ ሆኑ በግልጥ ጻፈ። የከተማይቱ ፓስተሮች ማኅበር ከሌሎች ጋር ሆኖ ባቀረበው ክስ በ2017 በፍርድ ቤት በጸደቀው ስምምነት፥ ግዛቱ የእርሳስ ቧንቧዎቹን ለመለወጥ 97 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዲያወጣ ተገደደ። በ2018 ሚሺጋን የእርሳስ ደንቡን ከፌዴራሉ ይልቅ አጠበቀ፥ ከ2025 ጀምሮም ወሰኑ ከ15 ወደ 12 እንዲወርድ ወሰነ። በ2021 የነዋሪዎቹ የካሣ ክስ በ626 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ጸደቀ፤ 5 ሚሊዮን ለመቈጠብ የተጀመረው ነገር ያስከተለው ኪሳራ ይህን ያህል ነበር። በባለሥልጣኖቹ ላይ የተመሠረተው የወንጀል ክስ ግን የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2022 የአከሳሰሱን ሥርዓት ስለ ነቀፈው ፈርሶ ቀርቷል። ለብዙ የከተማይቱ ሰዎች ቁስሉ ያልሻረው ስለዚህ ነው፤ ልጁ የተጎዳበት ሰው በገንዘብ ብቻ ሊጽናና አይችልምና።

የሚናገርና የሚሰማ

ከዚህ ታሪክ የምንማረው የመጀመሪያ ነገር፥ ነዋሪ እንዲናገር መፍቀድ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። የፍሊንትን ሰው ማንም አፉን አልያዘውም፤ በስብሰባ ተናግሯል፥ በጋዜጣ ጽፏል፥ በአደባባይ ጮኾአል። የጎደለው የመናገር ነጻነት ሳይሆን፥ ቃሉን የሚሰማው ሰው ባይሰማ የሚቀርበት ነገር መኖሩ ነበር። ሹም ከወንበሩ የሚያወርደው ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ጆሮውንም የሚያዘነብለው ወደዚያው ነው። ስለዚህ የምርጫ መብትና የመናገር መብት ተነጣጥለው የሚቆሙ አይደሉም፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ፍሬ አልባ ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር የተናጋሪውን ድርሻ የሚመለከት ነው። ቍጣ ብዙ ሰው ይሰበስባል፤ ሰውን የሚያሳምነው ግን ማስረጃ ነው። በዓይኑ ያየውን ከጠረጠረው ለይቶ የሚናገር፥ ቀኑንና ስፍራውን የሚጽፍ፥ የተጻፈለትን መልስ የሚያስቀምጥ፥ ከጎረቤቱ ጋር ተባብሮ የሚመሰክር ነዋሪ፥ ባለሥልጣን ቢንቀው እንኳ ሌላ የሚሰማው ያገኛል። ያላየውን አየሁ የሚል፥ ሰውን በዘሩና በወገኑ የሚሰድብ ግን፥ የራሱን ቃል ብቻ ሳይሆን የእውነተኛውንም ምስክር ቃል ያረክሳል፤ ላለመስማት ምክንያት ለሚፈልግ ሹምም ምክንያቱን ራሱ ይሰጠዋል።

ሦስተኛው ነገር የሰፈር ጋዜጣ ጉዳይ ነው። በ1876 የተመሠረተው ፍሊንት ጆርናል በየቀኑ ይታተም የነበረ ሲሆን፥ በ2009 ገቢው ስለ ቀነሰ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ እንዲታተም ተደርጎ ነበር። እንዲህ ሆኖም ሳለ ጋዜጠኞቹ የውሃውን ነገር ሳይተዉ ይከታተሉ ነበር፤ ነገር ግን በአሜሪካ በብዙ ስፍራ እንዲህ ያለው ጋዜጣ ፈጽሞ እየጠፋ ነው። የከተማውን ምክር ቤት ስብሰባ ተቀምጦ የሚሰማ፥ የበጀቱን ሠንጠረዥ የሚያነብ፥ የወይዘሮዋን ጠርሙስ ተቀብሎ ይህ ምንድር ነው ብሎ ሹሙን የሚጠይቅ ሰው ከሌለ፥ የነዋሪው ቃል ከሰፈሩ ሳይወጣ ይቀራል።

ይህ ነገር በአሜሪካ ለሚኖሩት ወገኖቻችን የሩቅ ወሬ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ከተማ፥ በ2000 የውሃ ማከሚያው ቅመም በመለወጡ እርሳስ ከቧንቧዎቹ ወደ መጠጥ ውሃው ገብቶ፥ ነገሩ በሰፊው የታወቀው ዋሽንግተን ፖስት በጃንዋሪ 2004 ከጻፈው በኋላ ነበር፤ በዚያም ነገሩን ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ እኚሁ ፕሮፌሰር ኤድዋርድስ ነበሩ። በሜሪላንድ፥ በቨርጂንያ፥ በሚኔሶታ፥ በኮሎራዶና በሌሎችም ግዛቶች ቤት ሠርተው፥ ልጅ ወልደው፥ ግብር ከፍለው የሚኖሩት ወገኖቻችን የትውልድ አገራቸውን ፖለቲካ ሌሊትና ቀን ሲከታተሉ፥ የልጆቻቸውን ትምህርት ቤትና የሚጠጡትን ውሃ የሚወስነውን የከተማና የግዛት ምክር ቤት ግን ብዙዎቹ ሳያውቁት ይኖራሉ። የአገር ፍቅር የተቀደሰ ነው፤ ነገር ግን የሚኖሩበትን ሰፈር መጠበቅ ከዚህ ፍቅር ጋር አይጣላም። በብዙ ከተማ የምክር ቤት ስብሰባ ማንም ነዋሪ ስሙን አስመዝግቦ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ መናገር ይችላል፤ በግዛት ምክር ቤቶችም ሕግ ሲረቀቅ ኮሚቴዎች የሕዝብ ምስክርነት ይቀበላሉ። አነጋገሬ ያስቅብኛል ብሎ የሚፈራ ሰው ጽሑፍ ያቅርብ፤ ብቻውን የሚፈራ ከዕድሩና ከቤተ ክርስቲያኑ፥ ከመስጊዱም ማኅበር ጋር ይሂድ።

የፍሊንት ሰዎች በላንሲንግ ሥልጣን አልነበራቸውም፤ በዩኒቨርሲቲ ወንበር፥ በባንክም ብዙ ገንዘብ አልነበራቸውም። የነበራቸው ያዩትን አይተናል ማለትና አላያችሁም ሲባሉ አለመተው ነበር። በዚህ ብቻ የውሃ መሥመር ተቀየረ፥ ከንቲባ ተለወጠ፥ የአንድ ግዛት ሕግ ተሻሻለ፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ወር ተሰምተው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባላስፈለገ፥ ሕፃናቱም ባልተጎዱ ነበር። እንግዲህ በሥልጣን ላይ የተቀመጠ ሁሉ፥ በየትኛውም አገር ቢሆን፥ ከባለሙያዎቹ ሪፖርት አጠገብ የነዋሪውን ቃል ያስቀምጥ፤ ሁለቱ ባልተስማሙ ጊዜም የነዋሪውን ከመጣሉ በፊት ሄዶ ይይ። ነዋሪም የሚደርስበትን ነገር ለጎረቤቱ ብቻ ነግሮ አይተወው፤ ይጻፈው፥ ያስመርምረው፥ መልስ እስኪያገኝም ደጋግሞ ያቅርበው። ይህ የሹምና የዜጋ የጋራ ግዴታ ነው፤ አንዱ ብቻውን ቢፈጽመው ከተማ አይድንም።